ጠብቆ ወይስ ላልቶ

ጠዋት አባቷ ስልካቸውን ሲፈልጉ እሷም አብራ ፈለገች። ትራሱን አነሳች፣ ብርድ ልብሱን አራገፈች፣ ተንበርክካ ከአልጋው ሥር በእጇ ዳበሰች፤ ስልኩ ግን ከትናንት ማታ ጀምሮ ተዘግቶ በእሷው ቦርሳ ውስጥ፣ ከሻርፗ ሥር ተሸጉጦ ነበር። አባቷ በሞራ የተጋረዱ ዓይኖቻቸውን ወደ ድምፅዋ እያዞሩ «እስቲ ከወንበሩ ኋላ እዪልኝ» ይላሉ፤ ሄዳ ታያለች። «የለም አባዬ።» «ከመጻሕፍቱ መካከልስ?» «እዚህም የለም።» ዕቃ የደበቀ ሰው ዕቃ ከጠፋበት ሰው ይልቅ ተግቶ እንደሚፈልግ ያን ጠዋት ገባት።

«ጎረምሳው ዛሬ ጭነቱን ያራግፋል» አሉ አባቷ ደክሟቸው አልጋው ጫፍ ላይ እየተቀመጡ። «አራግፎ ሳይደውል የቀረበት ቀን የለም። አሁን ደውሎ ሲያጣኝ ምን ይላል? ሽማግሌው በቃ አለቀለት ብሎ መኪናውን አዙሮ ይመጣል እንጂ።» ብለው ሳቁ። እሷም ሳቀች። ደግነቱ አባቷ ፊቷን ማየት ካቆሙ ቆይተዋል።

ጎረምሳው የሚሉት ታላቅ ወንድሟን ነው። ፀጉሩ ከግንባሩ ሸሽቶ ማጅራቱ ላይ ከተጠጋም በኋላ ስሙ በዚህ ቤት ጎረምሳው እንደሆነ ቀርቷል። የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። «ነበር» የሚለውን ቃል ገና አልለመደችውም። ትናንት አመሻሹ ላይ፣ ሩቅ ከተማ የሚኖሩት አጎቷ፣ የአባቷ ታናሽ ወንድም፣ ደውለው መኪናው ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ እንዳለውና ወንድሟ ሆስፒታል ሳይደርስ እንዳረፈ ነገሯት። ከዚያ እንድታለቅስ እንኳ ጊዜ ሳይሰጧት «ለአባትሽ ትንፍሽ እንዳትዪ» አሏት። «ይዘነው ነገ ሳይሆን ከነገ ወዲያ በማለዳ እንገባለን። ሰው ከብቦት፣ እኔው ራሴ እነግረዋለሁ። እናትሽ የሞተች ዕለት እንዴት እንደወደቀ አይተሻል። ልቡ ሁለተኛ አይችልም። ሥራሽም ሂጂ፣ እንደ ወትሮሽ ሁኚ።» እሺ አለች። ነገሩ ያንገበገባት እሺ ካለች በኋላ ነው። የአጎቷ ሚስት ያውቃሉ፣ የመኪናው ባለቤት ያውቃል፣ ዕቃውን የጫነው ነጋዴ ያውቃል፣ ቁልቁለቱ ሥር ቆሞ ያየ መንገደኛ ሁሉ ያውቃል። የወለደው ብቻ አያውቅም።

ቁርስ ዳቦና ሻይ ነበር። ቤታቸው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አባቷ የሚተኙበት አንድ ክፍልና እሷ ሶፋ ላይ የምትተኛበት አንድ ሳሎን። የሳሎኑን አንድ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች የያዘው የመጻሕፍት መደርደሪያ የተሠራው ከማተሚያ ቤት መሳቢያዎች ነው። አባቷ ዕድሜያቸውን በሙሉ ፊደል ለቃሚ ነበሩ፤ የእርሳስ ፊደላትን ከየሳጥናቸው እየለቀሙ ቃል፣ ከቃል መስመር፣ ከመስመር ገጽ ሲሠሩ የኖሩ ሰው። ኮምፒውተር መጥቶ እርሳሱ ሲቀልጥ፣ ማተሚያ ቤቱ ባዶ መሳቢያዎቹን ሊጥላቸው ሲል፣ እሳቸውና ጎረምሳው እየተቀባበሉ ተሸክመው ሦስት ፎቅ አወጧቸው። ዛሬ ርዕስ ማንበብ ቢሳናቸውም የእያንዳንዱን መጽሐፍ ጀርባ በጣታቸው ዳስሰው ያውቁታል። እንግዳ መጥቶ አንዱን አንስቶ በሌላው ቦታ ከመለሰው፣ «ይህን ማን ነው ያሰደደው?» ይላሉ።

አዲስ መጽሐፍ አይጠሉም። ሰሞኑን እሷ ጠዋትና ማታ የምታነብላቸው ከሥራ ባልደረባዋ የተዋሰችው ወፍራም የወንጀል ልቦለድ ነው፤ ከግማሹ አልፈዋል። ግን በየምዕራፉ ያማርራሉ። «ይህ ደራሲ ገዳዩን እደብቃለሁ ሲል እኛን ገደለን።» የሚወዱት የተነበበውን ነው። «አዲስ መጽሐፍ እንግዳ ነው» ይላሉ፤ «ቀጥ ብለሽ ተቀምጠሽ፣ ምን ይዞብኝ መጥቶ ይሆን እያልሽ ነው የምትሰሚው። የተነበበ መጽሐፍ ግን ዘመድ ነው። እግርሽን ዘርግተሽ ነው የምታወሪው።» የሚወዱትን መጽሐፍ ስታነብላቸው ቀልዱ ሳይደርስ ይስቃሉ። የሚያስለቅሰው ገጽ ሲቃረብ መሐረባቸውን አስቀድመው ያወጣሉ። አንዳንዴ ደግሞ ድንገት እጃቸውን አንስተው ያስቆሟታል። «ቆይ፣ ይህ ሰውዬ ድሮም ጃንጥላ ነበረው?» «ነበረው አባዬ።» «እንግዲያው እኔ ነኝ እስከ ዛሬ ዝናቡን ያላየሁት።» በዚያች ጃንጥላ ቀኑን ሙሉ ደስ ሲላቸው ይውላል።

ያን ጠዋት ግን ወፍራሙን መጽሐፍ ስትገልጥ «ተዪው» አሏት። «ዛሬ ጆሮዬ ስልክ ላይ ነው።»

ልትወጣ ስትል ጎረቤታቸው መጡ። ታች ፎቅ የሚኖሩ፣ ሁሉም እትዬ የሚላቸው ሴት ናቸው፤ እሷ ሥራ ስትሄድ ከአባቷ ጋር የሚውሉት እሳቸው ናቸው። ሌሊቱን በር ላይ ጠርታ ነግራቸዋለች፤ ሊጠይቅ የሚመጣ ሰው ቢኖር ደጅ ላይ የሚመልስ ያስፈልጋልና። ዓይናቸው አብጧል። ደረጃው ላይ እጃቸውን ያዘቻቸው። «እትዬ፣ እንባዎን ዋጥ ያድርጉልኝ።» «አይዞሽ፣ እኔ እኮ ድንጋይ ነኝ» አሉና ድንጋዩ እዚያው ደረጃው ላይ ተንሰቀሰቀ። አፋቸውን በነጠላቸው አፍነው ቆዩና፣ ፊታቸውን ጠርገው «ጋሼ! እንደምን አደሩ!» እያሉ ገቡ። ድምፃቸው ከወትሮው ከፍ ያለ ነበር።

የምትሠራበት ላውንደሪ ከዋናው መንገድ ዳር ነው። ከፊት የመቀበያ ባንኮኒ፣ ከኋላ የማጠቢያ ማሽኖችና የመተኮሻው ክፍል። ሥራዋ ልብስ መቀበል፣ ኪስ መፈተሽ፣ ቁጥር ያለበትን ቁራጭ ጨርቅ በመርፌ ቁልፍ ኮሌታ ላይ ማያያዝ ነው። ኪስ ስትፈትሽ ሁልጊዜ ትደሰት ነበር፤ የሰው ኪስ እንደ አጭር ልቦለድ ነው ትላለች። ዛሬ እጇን ያስገባችበት ኪስ ሁሉ የወንድሟ መሰላት። አብራት ባንኮኒው ላይ የምትቆመው ባልደረባዋ ሬዲዮ ትባላለች፤ ከፍተዋት ስለማትዘጋ። ለሬዲዮ አልነገረቻትም። ለእሷ የተነገረ ነገር ምሳ ሳይደርስ ለከተማው ይደርሳል።

«ሱፍ ለማጠብ ይህን ያህል?» አሉ አንድ ደንበኛ፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን አዲሱን የዋጋ ዝርዝር በጣታቸው እየመቱ። «በዚህ ዋጋማ እኔንም ከነሱፌ እጠቡኝ!»

«የእርስዎ ሌላ ሒሳብ አለው ጋሼ» አለች ሬዲዮ፣ «እድፉ የቆየ ነው።» ሰውዬው ልቆጣ ወይስ ልሳቅ እያሉ ሲያመነቱ ቆይተው ሳቁ፤ ከፍለውም ሄዱ። ሬዲዮ ዘወር ብላ ጓደኛዋን አየቻት። «አንቺ ምን ሆነሽ ነው? እንዲህ ያለ ሰው አሳልፈሽ ትሰጪኝ ነበር?»

«ራሴን አሞኛል።»

«መጽሐፉ ነው። ማታ ማታ ለሽማግሌው ስታነቢ ዓይንሽ ጠፋ። ጨረሳችሁት?»

«ገና ነን።»

«ገዳዩን ልንገርሽ?»

«አትንገሪኝ።»

«እኔ እኮ አይገባኝም፣ ሳታውቂ ማንበብ ምን ይሉታል? እኔ መጀመሪያ የምገልጠው የመጨረሻውን ገጽ ነው። ማን እንደሚሞት ካወቅኩ ልቤ ያርፋል። ከዚያ ቀስ ብዬ፣ ሰውዬውን እየተሰናበትኩ አነበዋለሁ።»

ሬዲዮ ይህን ያለችው እንደ ቀልድ ነው፤ የካናቴራ ክምር ወደ ኋላ እየገፋች። እሷ ግን ቃሉን ይዛ ወደ መተኮሻው ክፍል ገባች። እየተሰናበትኩ። እንፋሎቱ ክፍሉን ሞልቶታል፤ እዚያ ውስጥ የሰው ፊት ሁሉ እርጥብ ስለሆነ ማንም ማንንም ምን ሆንሽ አይልም። በተሰቀሉት ኮቶች መካከል ገብታ የልቧን አለቀሰች። ከዚያ አፍንጫዋን ጠርጋ ለአጎቷ ደወለች።

«አጎቴ፣ ዛሬ ማታ እኔ ልንገረው።»

«ብቻሽን?»

«ቀኑን ሙሉ ስልክ ሲጠብቅ ነው የሚውለው። ግፍ ነው።»

ከአጎቷ ጀርባ የሚያለቅሱ ሴቶች ድምፅ ይሰማ ነበር። «ስሚኝ፣ ልጄ። የምነግረው እኔ የሆንኩት ወድጄ ይመስልሻል? ልጁን በእጄ የገነዝኩት እኔ ነኝ። ብቻሽን ብትነግሪውና ቢወድቅብሽ ማንን ትጠሪያለሽ? እኛ አሁን መንገድ ልንጀምር ነው፤ ሌሊቱን ነድተን ጠዋት እንደርሳለን። የአንድ ሌሊት እንቅልፍ ብትሰጪው ምናለ? ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ አለው እንዴ?» አጎቷ ልክ ናቸው፤ እሷም ልክ ናት። ከዚህ የከፋ ነገር የለም። እስኪነጋ ድረስ አባቷን ሳያውቁ ልታሳድራቸው ቃል ገባች።

ስትመለስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። እትዬ በሩን ከፍተውላት በጆሮዋ «አንዲት ቃል አልተነፈስኩም» አሏትና፣ አባቷን ሳይሰናበቱ ፈጥነው ወረዱ። አባቷ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠዋል።

«እትዬ ዛሬ ምን ነክቷቸው ነው?» አሉ። «ልጃቸውን ሳያሙት ዋሉ። ‹አይደውልልኝም፣ ሚስቱ ይዛብኝ› ሳይሉ የዋሉበት ቀን ትዝ አይለኝም። ደግሞ ሾርባዬን ሦስቴ አሞቁልኝ፤ አፌን አቃጠሉት።»

«አርጅተው ይሆናል።»

«ይሆናል።» አሉ አባቷ። «ስልኬ አልተገኘም?»

«አልተገኘም።»

«እኔን ሲያጣኝ አንቺ ጋ ደውሎ ይሆናል ብዬ ነበር።»

«አልደወለም አባዬ።» ቀኑን ሙሉ ለአባቷ ከተናገረችው ሁሉ ይህ ብቻ ውሸት አልነበረም፤ እሱ ነው ደግሞ ከአፏ ለመውጣት ያስቸገራት።

እራት በሉ፤ ሩዝ ነበር፣ ሁለቱም አልጨረሱትም። ወፍራሙን መጽሐፍ ስታነሳ አባቷ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ዛሬ እንግዳ አልፈልግም።» ተነስተው ግድግዳውን ተደግፈው መደርደሪያው ጋ ሄዱ፤ ጣታቸው ሁለተኛው መሳቢያ ላይ አንድ ጊዜ ተንሸራቶ ቆመ። ቀጭን መጽሐፍ ናት፤ ሽፋኗ በወፍራም ወረቀት የተጠገነ። ከመደርደሪያው ሁሉ እሷን እንዳያወጡ ስትለምን ነበር።

መጽሐፏ ወንዝ ዳር የምትኖርን አንዲት ባልቴት ታሪክ የምትተርክ ናት። ልጇ በጀልባ ወንዙን ተሻግሮ ቀርቷል። ከማዶ የሚመጣውን ሁሉ፣ ነጋዴውን፣ ወታደሩን፣ ሰካራሙን፣ ልጄን አይተኸዋል ወይ እያለች ትጠይቃለች። ብዙውን ጊዜ የምታስቅ መጽሐፍ ናት። አባቷ በወጣትነታቸው በእርሳስ ፊደል የለቀሟት የመጀመሪያዋ መጽሐፍ እሷ ነበረች፤ ከዚያ ወዲህ ስንቴ እንዳነበቧት እሳቸውም አያውቁትም። መጨረሻዋ ገጽ ላይ አንድ መንገደኛ ከጀልባ ይወርዳል፤ ባልቴቷ ትጠይቀዋለች። የመጽሐፏ የመጨረሻ መስመር እንዲህ ይላል፦ መንገደኛው ባርኔጣውን አወለቀ። ልጅሽ አለ።

ደራሲው የጥቅስ ምልክት የማይወድ ሰው ስለነበር፣ በዚህች መስመር የተነሳ በቤታቸው የነበረው ሙግት ማለቂያ አልነበረውም። አባቷ «አለ» የምትለውን ቃል አጥብቀው ነው የሚያነቧት፤ ልጅሽ በሕይወት አለ ማለት ነው። እናቷ አላልተው ነበር የሚያነቧት፤ መንገደኛው «ልጅሽ...» አለ፣ ከዚያ ወዲያ መናገር አቃተው ማለት ነው። «አንተ ሰውዬ፣ ባርኔጣ አውልቆ የምሥራች የሚናገር የት አይተሃል?» ይሉ ነበር እናቷ። «አንቺ ደግሞ ልጅ ካልገደልሽ መጽሐፍ ያለቀ አይመስልሽም» ይሉ ነበር አባቷ። «አንተ አይደለህ የለቀምካት? እንዴት ጠፋህ?» «ፊደል ለቃሚ ፊደል እንጂ ድምፅ አይለቅምም።» ጎረምሳው ዳኛ ሲሆን ደግሞ «ልጁማ አለ፤ የመሳፈሪያ አጥቶ ነው» ብሎ ይፈርዳል። እናቷ ሲሞቱ የእናቷን ወገን እሷ ወረሰች፤ ሙግቱ አብሮ እንዳይሞት ብላ። መጨረሻዋ ላይ ስትደርስ «አለ»ን ሆን ብላ ታላላዋለች፣ አባቷ «አጥብቂው!» ብለው ጉልበታቸውን ይመታሉ፣ ከዚያ ይሳሳቃሉ። አንድ ቀን እንኳ አጥብቃ አታውቅም።

«ቀኑን ሙሉ ቆሜ ነው የዋልኩት፤ ነገ ብናደርገውስ?» አለች።

«እንደተቻለሽ። እስኪደክምሽ።»

ማንበብ ጀመረች። የመጀመሪያዎቹ ገጾች እንደ ድንጋይ ከበዷት፤ ከዚያ ሳታውቀው መጽሐፏ ራሷ ይዛት ሄደች። ቃላቱ ከዓይኗ ቀድመው አፏ ላይ ይደርሱ ነበር። አህያይቱ ጀልባ ላይ አልሳፈርም ብላ ከባለጀልባው ጋር የምትሟገትበት ቦታ ሲቃረብ አባቷ እንደ ልማዳቸው አስቀድመው ሳቁ፤ እሷም ሳቀች፣ ከሆዷ፣ እውነተኛ ሳቅ። ባለጀልባው «እንግዲያው አንቺ ቅዘፊ፣ እኔ ልጫን» ሲላት አባቷ ቃሉን አብረዋት አሉት። ለዚያች ገጽ ያህል ወንድሟ አልሞተም ነበር። ከዚያ ገጹን ገለጠች፣ ትዝም አላት፤ በሳቋ አፈረች። አንድ አንቀጽ ዘለለች፤ አባቷ «ሰካራሙን የት ጣልሽው?» አሏት። ተመልሳ አነበበችው። መሐረባቸውን ሲያወጡ አየች። የቀረው አንድ ቅጠል ብቻ ነው።

«ድምፅሽ ደክሟል» አሉ። «ግን መጨረሻዋ ላይ ደርሰን አናሳድራትም።»

መንገደኛው ከጀልባ ወረደ። ባልቴቷ ወደ እሱ ሄደች። አንባቢዋ ጣቷን ከመስመሩ ሥር አድርጋ እንደ ተማሪ ልጅ ቃል በቃል ሄደች። አላልታ ማንበብ አልቻለችም። ያንን ቃል በዚህ ቤት ውስጥ፣ በዚህ ማታ፣ በአባቷ ፊት ማላላት ወንድሟን በገዛ አፏ መቅበር ሆነባት። የአንድ ሌሊት እንቅልፍ ልስጣቸው ብላ፣ በደግነት፣ ድምፅዋን አስተካክላ አነበበች። «መንገደኛው ባርኔጣውን አወለቀ። ልጅሽ አለ።» አጠበቀችው። ቃሉ ክፍሉ ውስጥ ሙሉ ሆኖ ተሰማ፤ ልጅሽ በሕይወት አለ።

አባቷ ጉልበታቸውን ሊመቱ ያነሱት እጅ አየር ላይ ቀረ። ቀስ ብሎ ወረደ። ከታች መንገድ ላይ አንድ አውቶቡስ በሩን ዘግቶ ሲሄድ ተሰማ። መጽሐፏን ዘጋች፣ ከፈተች፣ እንደገና ዘጋች።

«አጠበቅሽው» አሉ አባቷ።

«እ... ደክሞኝ ነው አባዬ። ዛሬ ላሸንፍህ አልፈለግኩም።»

«እናትሽ አንድ ቀን ለእኔ ብላ አላጠበቀችውም። ታማም ቢሆን።»

አባቷ መሐረባቸውን አጥፈው፣ ዘርግተው፣ እንደገና አጠፉት። ትንፋሻቸው ከፍ ብሎ ሲወርድ ታያለች፤ ብድግ ብላ ልትይዛቸው ስትል እጃቸውን አነሱ። አልወደቁም። ዓይናቸውን ወደ መስኮቱ አድርገው እንደተቀመጡ፣ ድምፃቸው ሸክም እንደተሸከመ ሰው ዝግ ብሎ ወጣ።

«ነገ ስንት ሰው ነው የሚመጣው?»

ከወንበሯ ተንሸራታ እግራቸው ሥር ወደቀችና ፊቷን ጉልበታቸው ላይ ቀበረች። እጃቸው ፀጉሯን አገኘው። ለረጅም ጊዜ ዳበሷት። ያለቀሱት በኋላ ነው፤ ድምፅ ሳያሰሙ፣ አገጫቸው ብቻ እየተነቃነቀ።

«አጎትሽ ነው የሚነግረኝ?» አሉ በመጨረሻ።

«አዎ። ሌሊቱን ሙሉ እየነዱ ነው።»

«እንግዲያው እንዳወቅኩ አትንገሪው» አሉ አባቷ። «ያን ሁሉ መንገድ ይዞት ነው የሚመጣው። እሱ ይንገረኝ።»